አልነሳ ያለ መኪና ዋጋው ከመሰበሩ በፊት

በአሮጌ መኪና ገበያ «አልነሳም» የሚለውን ቃል ያህል ዋጋ የሚሰብር የለም። ሻጭ ይደነግጣል፣ ገዥ ይኮራል፣ ደላላም በመሀል «ሞተሩ አልቋል» ይላል። ነገር ግን አልነሳ ያለ መኪና ሁሉ ሞተሩ ያለቀ አይደለም። ጥፋቱ ለሞተሩ ከረንት ከሚሰጡት ትናንሽ ዕቃዎች በአንዱ ላይ ሊሆን ይችላል። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የቤንዚን መኪና ፈላጊ የሚያማርጠው ቀድሞ ከገባው ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን ለይቶ ማወቅ ገንዘብ ነው።

ለምሳሌ ባለ 12 ቮልቷን አሮጌ ቮልስዋገን እንውሰድ። ፑንቲና ላላቸው ሌሎች የቤንዚን መኪኖችም መንገዱ ተመሳሳይ ነው።

አንደኛ፦ ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ ይዞራል ወይ? የማይዞር ከሆነ ካንዴላ መፍታት ጊዜ ማባከን ነው። የባትሪውን ተርሚናሎች ጠርገው ያጥብቁ፤ ይህ ምንም አያስወጣም። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው።

ሁለተኛ፦ ሞተሩ እየዞረ ካልተነሳ ማርሹን ነጻ አድርገው አንድ ካንዴላ ይፍቱ። ካንዴላው በቤንዚን ከራሰ ነዳጅ ደርሷል፣ የሚጠረጠረው ከረንቱ ነው። ደረቅ ከሆነ ወደ ቤንዚን ፓምፑና ወደ ካርቡሬተሩ ይመልከቱ። ቀጥሎ ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አገናኝተው ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩና ሌላ ሰው ቁልፉን ይክፈት። ሰማያዊ ጠንካራ እሳት ከዘለለ ከረንት አለ ማለት ነው። ኃይሉ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ስለሚደርስ ገመዱን ፕላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ይያዙ፤ ካንዴላው ከተፈታበት ቀዳዳና ከፈሰሰ ቤንዚንም ያርቁት።

ሦስተኛ፦ እሳት ከሌለ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሀል የሚሄደውን ገመድ ነቅለው ጫፉን ከብረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቀው ይሞክሩ። እዚህ ከዘለለ ቦቢናው ደህና ነው። ጥፋቱን በተሰነጠቀ ወይም በራሰ ክዳን፣ በሮተሩ ወይም በካንዴላ ገመዶች ላይ ይፈልጉ። በክረምት እርጥበቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን መኪናውን ሊያስነሳው ይችላል።

አራተኛ፦ እዚህም ካልዘለለ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ለቦቢናው 12 ቮልት መድረሱን ይለኩ። ካልደረሰ ጥፋቱ ከቁልፉ ወይም ከሽቦው ነው። ከደረሰ ፑንቲናውን ይዩ። ከተቃጠለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት፤ ሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ በቮልስዋገን 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሲከፈት ሲዘጋ ትልቅ ብልጭታ የሚያሳይ ከሆነ ኮንደንሰሩ ይጠረጠራል። ቦቢና የሚቀየረው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ እንጂ በግምት አይደለም።

እሳቱም ቤንዚኑም እያለ አሁንም ካልተነሳ የገመዶቹን ተራ ይመልከቱ። በቮልስዋገን 1-4-3-2፣ በብዙ የቶዮታ ኮሮላ ሞተሮች 1-3-4-2 ነው። ገመዶቹን አንድ በአንድ ካልሆነ በቀር በጅምላ አይንቀሉ።

እንግዲህ ሻጭ ሆይ፣ መኪናውን ለደላላ ከማሳየትዎ በፊት ይህን ያስፈትሹ። ፑንቲና የጎደለው መኪና በሞተር ዋጋ አይቀነስበትም። ገዥም ቢሆኑ «ከረንት ብቻ ነው» የሚለውን ቃል በአፍ አይመኑ፤ ካንዴላው በፊትዎ ይፈታ። እሳቱ፣ ቤንዚኑና የገመዶቹ ተራ ትክክል ሆነው፣ የእሳቱም ሰዓት በመካኒክ ተስተካክሎ ካልተነሳ ግን የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን ይለካ። ስለ ሞተር ዋጋ መነጋገር የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።