የፋብሪካ መኖ ሲጠፋ እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን መቀለብ

ለብቸናና ለሞጣ አካባቢ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

መንገድ ሲዘጋ የፋብሪካ መኖ ብቸናና ሞጣ ሳይደርስ ይቀራል። በዚህን ጊዜ ብዙዎች ለዶሮዎቻቸው በቆሎ ብቻ ይሰጣሉ። የዶሮዋ ሆድ ይሞላል፤ ነገር ግን እንቁላሉ ይቀንሳል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። በመጨረሻ ማኅበሩ ተስፋ ቆርጦ ዶሮዎቹን በርካሽ ይሸጣል። የጎደለው እህል ሳይሆን ፕሮቲንና ካልሲየም ነው። በደጅ የምትውል የሐበሻ ዶሮ ትልና ቅጠል ለቅማ ጉድለቷን ታሟላለች፤ በቤት የተዘጋች ዶሮ ግን እኛ ካልሰጠናት ከየትም አታገኝም።

1. ምን ይደባለቅ?

ጎጃም ኑግ የሚዘራበት አገር ስለሆነ ፋጉሎ ከዘይት መጭመቂያ ይገኛል። ከ100 ኪሎ ፋጉሎ 30 ኪሎ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከበቆሎ የሚገኘው 9 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ለ1 ኩንታል መኖ፦

- ሸርከት ተደርጎ የተፈጨ በቆሎ 45 ኪሎ
- የኑግ ፋጉሎ 25 ኪሎ
- የስንዴ ፉርሽካ 10 ኪሎ
- ተቆልቶ የተከካ ባቄላ 10 ኪሎ
- የኖራ ድንጋይ ዱቄት 7 ኪሎ ተኩል
- ተቃጥሎ የተፈጨ አጥንት 2 ኪሎ
- ጨው ግማሽ ኪሎ

2. እንዴት ይዘጋጅ?

በመጀመሪያ ጨው፣ አጥንትና የኖራ ድንጋይ ከፉርሽካው ጋር በደንብ ይታሹ። ከዚያ ሁሉም በሸራ ላይ በአካፋ እየተገላበጠ ይቀላቀል። ለአንድ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል ይበቃል፤ ስለዚህ 1 ኩንታል ለ100 ዶሮዎች 8 ቀን ያህል ይዘልቃል። ቫይታሚን እንዲያገኙ በየቀኑ ጎመን ወይም አልፋልፋ በገመድ ታስሮ ይንጠልጠልላቸው። ንጹሕ ውኃም ከፊታቸው አይጥፋ።

3. ጥንቃቄ

- የሻገተ ፋጉሎ ወይም በቆሎ መርዝ ስለሚኖረው ይጣል እንጂ አይደባለቅ።
- ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ ዶሮን ይጎዳል። የኖራ ድንጋይ ከታጣ የእንቁላል ቅርፊት ተቀቅሎ፣ ደርቆና ደቅቆ ይተካ።
- በባቄላው ፈንታ ጓያ አይግባ።
- ይህ መኖ ለጫጩት አይሆንም፤ ካልሲየሙ ይበዛባታል፣ ፕሮቲኑም ያንሳታል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ድብልቅ የፋብሪካውን መኖ ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ መኖ እስኪመጣ ድረስ ግን ዶሮዎቹ መጣላቸውን እንዳያቋርጡ ይረዳል። መኖ በድንገት ሲለወጥ እንቁላል ስለሚቀንስ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ በ1 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለመድ። ስለዚህ ድብልቁን ማዘጋጀት የሚገባው መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ሳይሆን የ10 ቀን መኖ ሲቀር ነው። ማኅበራት በመከር ወራት ፋጉሎና በቆሎ ገዝተው በደረቅ ቦታ ቢያስቀምጡ በችግር ጊዜ አይጨነቁም።