ከችግር ዘመን የተረፈ የንግድ ሀብት

መንግሥት ለሥራ አጦች ሥራ ለመስጠት ብሎ የሚያሠራው ግንባታ፣ ችግሩ ካለፈ በኋላ ለነጋዴው ምን ይተርፈዋል? ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ያለችው የሳን አንቶንዮ ከተማ ታሪክ መልስ ይሰጣል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ከተማዋን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ከ50 የማያንሱ ሰዎች ስለ ሞቱ፣ የወንዙን ጠምዛዛ ክፍል መድፈን ይሻላል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ሮበርት ሐግማን የተባለ አርክቴክት ግን በ1929 በወንዙ ዳርቻ የእግር መንገድና ሱቆች እንዲሠሩ አሳሰበ። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት የኢኮኖሚ ድቀት ስለ ጀመረ ገንዘብ ታጣ።

በ1938 የዳርቻው ባለንብረቶች በገዛ ራሳቸው ላይ ግብር ጨምረው 75 ሺህ ዶላር አስገኙ፤ ደብልዩ ፒ ኤ የተባለው ለሥራ አጦች ሥራ የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 355 ሺህ ዶላር ያህል ጨመረ። ከ1939 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ድልድዮች፣ ደረጃዎችና የእግር መንገዶች ተሠሩ።

ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ሱቆች ጀርባቸውን ለወንዙ እንደ ሰጡ ስለ ቀሩ፣ ሥራው ለሃያ ዓመት ያህል የሚገባውን ጥቅም ሳይሰጥ ቈየ። በ1946 አንድ ምግብ ቤት በሩን ወደ ወንዙ ከፈተ፤ በ1960ዎቹም የከተማው ነጋዴዎችና የንግድ ምክር ቤታቸው ሥፍራውን ለማልማት ተነሡ። በ1968 በከተማዋ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲከፈት፣ ዳርቻው የታወቀ የገበያና የመዝናኛ ሥፍራ ሆነ፤ ዛሬም ጎብኚ አይለየውም።

እንግዲህ ትምህርቱ ግልጽ ነው። መንግሥት ድንጋዩን ያነጥፋል፤ ገበያውን የሚያቆመው ግን በሩን ወደ መንገዱ የሚከፍት ነጋዴ ነው።