ምዕራፍ ስድስት፦ አንድ መንገድ፣ የተለያየ ፍጥነት

የተራራ ብስክሌት የጽናት ውድድር የሚባለው ከአስፋልት ወጥቶ በጠጠር፣ በድንጋያማ ቁልቁለት፣ በጭቃና በጫካ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ላይ ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለተከታታይ ቀናት የሚደረግ የብስክሌት ግልቢያ ነው። በኦሊምፒክ ከሚታየውና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከሚፈጀው አጭር ውድድር የሚለየው በርዝመቱ ቢሆንም፣ ርዝመቱ ራሱ ሌላ ዓይነት ሰው ይፈልጋል፤ በአጭሩ ውድድር ጉልበቱን ሳይሰስት የሚያወጣ ሰው ሊያሸንፍ ሲችል፣ በረጅሙ ግን ከመጨረሻው መስመር የሚደርሰው ጉልበቱን የሚመትር፣ ሳይርበው የሚበላ፣ ሳይጠማው የሚጠጣና ብስክሌቱ ከሰው በራቀ ስፍራ ቢበላሽበት ራሱ ጠግኖ የሚቀጥል ሰው ነው።

ይህ ስፖርት በቤተሰብ ውስጥ ሥር የመስደድ ጠባይ አለው፤ ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም። ለ160 ኪሎ ሜትር ውድድር የሚዘጋጅ አባት ወይም እናት በየሳምንቱ መጨረሻ አራትና አምስት ሰዓት ከቤት መውጣት ስለሚኖርባቸው፣ ቤተሰቡ ወይ ያንን ጊዜ እንደተቀማ ይቆጥረዋል፣ ወይ አብሮ ይወጣል። ይህ ምዕራፍ የሚመለከተው አብሮ መውጣትን ነው፤ ዋና ጥያቄውም ዕድሜያቸው፣ ጉልበታቸውና ትዕግሥታቸው ፈጽሞ የማይመጣጠን ሰዎች አንድን አድካሚ ስፖርት እንዴት በጋራ ይዘው ሊዘልቁ ይችላሉ የሚለው ነው። በምዕራፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጋኒሰኑ ቤተሰብ

የተራራ ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው በ1996 በአትላንታ ሲሆን፣ በዚያ የሴቶች ውድድር የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘችው አሜሪካዊቷ ሱዛን ደማቴይ ነበረች። ባለቤቷ ዴቭ ዊንስ ደግሞ ሊድቪል 100 በሚባለው ታላቅ የጽናት ውድድር ከ2003 እስከ 2008 በተከታታይ ስድስት ጊዜ አሸንፏል፤ በ2007 ያን መንገድ ከ7 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ በ2008 በስመ ጥርነቱ የዓለም ትኩረት የነበረውን ላንስ አርምስትሮንግን ሁለተኛ አድርጎ ሲገባ ዕድሜው ከ40 አልፎ ነበር። ባልና ሚስቱ ሦስት ወንዶች ልጆች ያሳደጉት በኮሎራዶ ግዛት በምትገኘው ጋኒሰን ነው፤ ይህች ትንሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ቤተሰብ ታሪክ ለሌላ ቤተሰብ የሚጠቅመው ሜዳሊያው አይደለም። ዊንስ በ2006 በከተማይቱ ዙሪያ የብስክሌትና የእግር መንገዶችን የሚሠራና የሚጠግን ጋኒሰን ትሬይልስ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት መሥርቷል፤ ከዚያም በ2017 የዓለም አቀፉን የተራራ ብስክሌት ማኅበር በዋና ሥራ አስኪያጅነት መምራት ጀምሯል። መንገድ መሥራት ማለት ጎርፍ የሸረሸረውን መሙላት፣ ውኃ በመንገዱ ላይ እንዳይተኛ ማፋሰሻ መቅደድና የወደቀ ግንድ ማንሣት ስለሆነ፣ ብስክሌት የማይነዳ አያትም ሆነ መንዳት ገና ያልጀመረ ሕፃን የሚሠራው አያጣም። ቤተሰብ በአንድ ስፖርት ተሳስሮ የሚቆየው ውድድሩን ብቻ ይዞ ሳይሆን ስፖርቱ የሚፈልገውን ሥራ ሁሉ ተከፋፍሎ ሲይዝ ነው፤ ውድድር በዓመት አንድ ቀን ሲሆን ሥራው ግን ዓመቱን ሙሉ አለ።

ሊድቪልና አየሩ የሳሳበት መንገድ

ሊድቪል 100 የተወለደው ከችግር ነው። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ሊድቪል ኑሮዋ በማዕድን ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ክላይማክስ የተባለው የሞሊብዲነም ማዕድን ማውጫ ሲዘጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ። ኬን ክሎበር የተባለ የማዕድን ሠራተኛ እንግዳ ወደ ከተማይቱ ለመሳብ በ1983 የ100 ማይል የሩጫ ውድድር አስጀመረ፤ በ1994 ደግሞ የብስክሌቱ ውድድር ተጨመረ። ተወዳዳሪው በመሐል ወደ 3,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ወዳለው የኮሎምባይን ማዕድን ስፍራ ወጥቶ፣ በሄደበት መንገድ ይመለሳል፤ በ12 ሰዓት ውስጥ ለሚጨርስ ሁሉ የቀበቶ ዘለበት ይሸለማል፣ ከ9 ሰዓት በታች ለሚገባ ደግሞ ተለቅ ያለ ዘለበት አለ።

በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ስለሚወርድ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኩላሊት ይህን እጥረት ሲያውቅ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞኑም የአጥንት መቅኔ ብዙ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲሠራ ያዛል፤ ነገር ግን ይህ ለውጥ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ከቆላ ተነሥቶ በማግሥቱ በከፍታ ቦታ የሚወዳደር ሰው ፍጥነቱን መቀነስ ግዴታው ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከደጋ የመጣውና ከቆላ የመጣው ዘመድ ጎን ለጎን ሲነዱ አንዱ ቢያለከልክ የስንፍና ምልክት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

በሊድቪል ቤተሰብ በግልጽ የሚታየው ትዊን ሌክስ በተባለው የእርዳታ ጣቢያ ነው። ተወዳዳሪው ወደ ኮሎምባይን ከመውጣቱ በፊትና ከወረደ በኋላ ሁለት ጊዜ በዚያ ስለሚያልፍ፣ የተወዳዳሪ ዘመዶች ውኃና ምግብ ይዘው ለሰዓታት ይጠባበቃሉ። ይህ የድጋፍ ሥራ እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም፤ ደጋፊው ተወዳዳሪው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ማስላት፣ ጠርሙሱን በየትኛው እጅ እንደሚያቀብል ማወቅና የደከመን ሰው ፊት አይቶ መብላት አለመብላቱን መለየት ይጠበቅበታል። የ12 ዓመት ልጅ በዚህ ሥራ ከብዙ አዋቂ ይልቅ ሊተማመኑበት የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጽናት በደም ይወረሳልን?

የቤተሰብ ስፖርት ሲነሣ ኢትዮጵያውያን አንባብያን የበቆጂዎቹን የዲባባ እህቶች ማስታወሳቸውና ጽናት በዘር የሚወረስ ነው ወደሚል ድምዳሜ መሄዳቸው አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች እጅግ ጠንካራው ሄሪቴጅ ከተባለው የቤተሰብ ጥናት የተገኘው ነው። ክሎድ ቡሻርና ባልደረቦቹ በ1999 ባወጡት በዚህ ሥራ፣ የአካል እንቅስቃሴ ልማድ ያልነበራቸው የ98 ቤተሰቦች 481 አባላት፣ ወላጆችና ልጆች፣ ለ20 ሳምንታት በቋሚ ብስክሌት ላይ አንድ ዓይነት ልምምድ እንዲያደርጉ ተደረገ። የተለካው ሰውነት በከፍተኛ ጥረት ላይ ሆኖ በአንድ ደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን ጣሪያ ሲሆን፣ አንዳንዱ ሰው ምንም ያህል ሳይጨምር ሲቀር ሌላው በደቂቃ ከአንድ ሊትር በላይ ጨመረ። በተለያዩ ቤተሰቦች መካከል የታየው የመሻሻል ልዩነት በአንድ ቤተሰብ አባላት መካከል ከታየው ሁለት እጥፍ ተኩል የሚሆን ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ የውርስን ድርሻ እስከ 47 በመቶ ገመቱት።

ይህ ውጤት በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ቤተሰብ እርስ በርሱ እንደሚመሳሰል ያሳያል፤ ነገር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ዓይነት ልምምድ፣ ከአንድ ድስት እየበሉ የሚያድጉ ወንድምና እህት እኩል እንደማይሻሻሉም ጭምር ያሳያል። ስለዚህ አንዱን ልጅ በሌላው መለካት ሳይንሱ የማይደግፈው በደል ነው፤ እያንዳንዱ ሊመዘን የሚገባው ባለፈው ዓመት በነበረበት በራሱ ቦታ ብቻ ነው።

ልጆች በምን መጠን?

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለወላጆች በሚሰጠው ምክር፣ ልጆች ከአንድ ከተመረጠ ስፖርት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ያህል እንዲያርፉ ያሳስባል። የምክሩ መሠረት በማደግ ላይ ባለ ልጅ አጥንት ጫፍ የሚገኘው፣ አጥንት የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ከጅማትና ከጎለመሰ አጥንት ይልቅ ደካማ በመሆኑ፣ ዕረፍት በሌለው ተደጋጋሚ ጫና ይጎዳል። ከልምምዱ መብዛት ሌላ ጉዳት የሚያስከትለው ለልጅ የማይመጥን ብስክሌት ነው፤ መቀመጫው ዝቅ ካለ ጉልበት ይታመማል፣ መሪው ከራቀ ወገብና አንገት ይታመማል፣ ልጁ ያድግበታል ተብሎ የሚገዛ ትልቅ ብስክሌት ደግሞ በቁልቁለት ላይ ፍሬኑን በወጉ ለመያዝ ስለማያስችል አደገኛ ነው።

በአሜሪካ የተማሪዎችን የተራራ ብስክሌት ውድድር የሚያስተባብረውና በ2009 የተቋቋመው ብሔራዊ ማኅበር የያዘው ሥርዓት ለዚህ ጥሩ አብነት ይሆናል፤ በቡድኑ ውስጥ ተቀያሪ ሆኖ ከዳር የሚቀመጥ ልጅ የለም፣ መወዳደር የፈለገ ሁሉ ይወዳደራል፣ ብዙ ወላጆችም ሠልጥነው በበጎ ፈቃድ አሠልጣኝነት ከልጆቻቸው ጋር ይነዳሉ። አንድ ቤተሰብ ይህን ሥርዓት ለመከተል ማኅበር አያስፈልገውም፤ ደካማውን ልጅ ከዳር ላለማስቀመጥ መወሰን ይበቃዋል።

ስለ ስንቅ

ጡንቻ በረጅም ጥረት ጊዜ የሚጠቀምበት ግላይኮጅን የሚባል የተጠራቀመ ስኳር ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው 500 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ በብርቱ ግልቢያ በሁለት ሰዓት አካባቢ ይመናመናል። ይህ ሲሆን እግር በድንገት ይከዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጠባይም ይለወጣል፤ በቤተሰብ ጉዞ ላይ የሚነሡ ብዙ ጠቦች የረሃብ ጠቦች መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል። መፍትሔው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ሲሆን፣ መካከለኛ መጠን ያለው አንድ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይዟል፤ በሶም በማር ተለውሶ በትንንሹ ቢያዝ ለዚሁ አገልግሎት ይውላል። ሰዓት እየተመለከተ በየ20 ደቂቃው ሁሉም እንዲቀምስ የማስታወስ ሥልጣን ለታናሹ ልጅ ቢሰጥ ልጁም ይከበራል፣ ሌላውም አይዘነጋም።

የ24 ሰዓቱና የሁለት ደቂቃው ሕግ

ለቤተሰብ ከሁሉ የሚስማማው የውድድር ዓይነት የቅብብሎሹ ነው። በ1992 በዌስት ቨርጂኒያ የተጀመረው የ24 ሰዓት ካናን ውድድር፣ የአንድ ቡድን አባላት በየተራ አንድ አንድ ዙር እየነዱ ቀንና ሌሊቱን የሚዘልቁበትን ሥርዓት አስለመደ። በዚህ ዓይነት ውድድር ፈጣኑ አባል ዘገምተኛውን አይጎትተውም፣ ዘገምተኛውም ፈጣኑን አያስቆመውም፤ እያንዳንዱ ዙሩን በራሱ ፍጥነት ጨርሶ ለሚቀጥለው ያስረክባል፣ የቀሩት ያበስላሉ፣ ሰንሰለት ይቀባሉ፣ ይተኛሉ። የሌሊቱን ዙሮች መደልደል ትልቁ ጥበብ ነው፤ በጨለማ መንዳት የለመደው አዋቂ እኩለ ሌሊትን ሲይዝ፣ ለወጣቶቹ የምሽቱና የንጋቱ ዙር ሊተውላቸው ይገባል።

ከዚህ ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ሥርዓት የተከተለው ከ2004 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ ምዕራባዊ ኬፕ የሚካሄደው ኬፕ ኤፒክ ነው። ስምንት ቀን የሚፈጀውን ይህን ውድድር የሚነዱት ሁለት ሁለት ሆነው ሲሆን፣ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ወንድማማች ሆኖ መግባት ይቻላል። ሕጉ ሁለቱ ጓደኞች ከሁለት ደቂቃ በላይ እንዳይራራቁ ይከለክላል፤ የተራራቁ ቅጣት ይጨመርባቸዋል። በመሆኑም ጠንካራው በዳገት ላይ ቀድሞ ቢወጣ የሚያተርፈው የለም፤ የሚበጀው ነፋስ መከለል፣ የጓደኛውን ውኃ መሸከምና ፍጥነቱን በጓደኛው ትንፋሽ መለካት ነው። አንድ ቤተሰብ ወደ ማንኛውም ውድድር ከመመዝገቡ በፊት ይህን ሕግ በአቅራቢያው ባለ መንገድ ላይ ለአንድ ወር ቢሞክረው፣ ማን መጠበቅ እንደሚችልና ማን መጠበቅን እንደ ውርደት እንደሚቆጥረው ያለ ብዙ ወጪ ያውቃል። በኬፕ ኤፒክ የአንድ ቡድን ሰዓት የሚያዘው ሁለተኛው አባል የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ነው።