ውሃ የሚተኛበትን ምድር አስቀድሞ ስለ ማወቅ

በቦሌና ከቦሌ በስተምሥራቅ ባሉት ሰፈሮች የሚኖር ሰው ኹሉ ክረምት በገባ ቍጥር የሚያየው ነገር አለ፤ ይኸውም አንዱ ሜዳ ዝናቡ እንዳባራ ሲጠነፍፍ፥ ሌላው እስከ መስከረም ውሃ አቍሮ መቈየቱ ነው። ብዙዎች «የዝናቡ ብዛት ነው» ይላሉ። ነገር ግን ዝናቡ ለኹለቱም ሜዳ አንድ ነውና ምክንያቱን ከምድሩ ልንፈልግ ይገባናል።

ረግረግ የሚኾነው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ብዙ ውሃ ወደ ቦታው ሲመጣ፥ የመጣው ቶሎ ሳይሄድ ሲቀር፥ ወደ ታችም ሳይሰርግ ሲቀር። የከተማችን ምድር ከእንጦጦ ጫፍ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ ወደ አቃቂ ሜዳ ይወርዳል፤ ቦሌ በመካከል በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዳገቱ ላይ የሚሮጠው ውሃ ሜዳው ሲደርስ ያዘግማል።

ይህን በቍጥር ለመግለጽ ኪት ቤቨንና ማይክ ከርክቢ የተባሉ የብሪታንያ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ቀላል ስሌት አሳተሙ። ከቦታው በላይ ኾኖ ውሃውን ወደዚያ የሚልከውን የምድር ስፋት ለአንድ ሜትር ወርድ እንቈጥራለን፤ ይህን በቦታው ተዳፋትነት እናካፍልና የውጤቱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም እንወስዳለን። ለምሳሌ ያህል፥ ዳገት ላይ ያለ ቦታ 50 ሜትር ካሬ ቢቀበልና በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር ቢወርድ፥ 50 ለ0.20 ሲካፈል 250፥ ሎጋሪዝሙም 5.5 ይኾናል። ከግርጌው ያለው ሜዳ 2,000 ሜትር ካሬ ቢቀበልና በየ100 ሜትሩ ግማሽ ሜትር ብቻ ቢወርድ፥ ውጤቱ 400,000፥ ሎጋሪዝሙም 12.9 ነው። ቍጥሩ በበለጠ መጠን ውሃው የመተኛቱ ነገር ይበልጣል።

ከፍታውን ከየት እናገኛለን? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር በ11 ቀን የዓለምን አብዛኛውን የብስ በራዳር ለክታለች፤ በየ30 ሜትሩ የተለካው ከፍታ ዛሬ ያለ ዋጋ ይገኛል።

ቅርጽ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የአየሩ ጠባይ ይጨመራል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ የሚበዛውም በክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከትነቱ ይበልጣል፤ በጥር ትነቱ ያሸንፋል። ስለዚህ በጥርም እርጥብ ኾኖ የሚገኝ ሜዳ ምንጭ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ያለው መኾኑን እንጠረጥራለን።

ስሌቱ የሚስትበትም አለ። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ግን ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል፤ ስሌቱ ይህን አያውቅም። ራዳሩ በከተማ ውስጥ ጣሪያውን እንደ መሬት ቈጥሮታል። በ30 ሜትር መካከል ያለችውን ቦይም አያያትም። የአባ ሳሙኤል ሐይቅም የሰው እጅ በሠራው ግድብ የተጠራቀመ እንጂ የምድሩ ቅርጽ ብቻ ያመጣው አይደለም።

ስለዚህ ካርታውን ይዘን በእግራችን መሄድ አለብን። ቄጤማና ደንገል ካየን፥ ሽማግሌዎችም ቦታውን «ጨፌ ነበር» ካሉን፥ ቍጥሩ እውነት ተናግሯል።

ይህ የመማሪያ ክፍል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጨፌ ላይ ቤት የሠራ ሰው ግድግዳው ይሰነጠቅበታል፤ ጎርፍ ሌሊት ይገባበታል። ጨፌውን በአፈር የደለደለውም ውሃውን ለታችኛው ጎረቤቱ አሳለፈው እንጂ አላጠፋውም። እንግዲህ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፥ ካስማ ከመተከሉ በፊት ውሃው የት እንደሚተኛ ለማሳየት ዕውቀቱም መሣሪያውም በእጃችን ነው። በዚህ ክረምት ቦቲያችንን አጥልቀን እንነሣ።