ማሻሻያው ሳያልቅ መብራት ሲጠፋ

ጥያቄ፦ የቤት ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 11ን በማሻሻል ላይ እያለ መብራት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ማሻሻያውን በጫንኩ ቁጥር «ለውጦቹ እየተመለሱ ነው» ብሎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የልጆቼ ፎቶ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ፎርማት ላስደርገው?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለፎርማት አይቸኩሉ። ዊንዶውስ ማሻሻያው ሳይሳካ ሲቀር በግማሽ በተቀየሩ ፋይሎች እንዳይነሳ የቀድሞዎቹን መልሶ ይተካል። ያዩት መልእክት ይህንኑ የሚገልጽ ነው። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እስካለ ድረስ አያጥፉት።

ኮምፒውተሩ አሁንም ስለሚነሳ ከሁሉ አስቀድመው ፎቶዎቹን ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ። እባክዎ ይህን ለነገ አያሳድሩት። ቀጥሎ የሲ ድራይቭን ይመልከቱ፤ ቦታ ሲጠብ ማሻሻያው ደጋግሞ ይከሽፋል። ለትልልቆቹ ማሻሻያዎች 20 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ቢኖር ጥሩ ነው። ፍላሽና ፕሪንተር ነቅለው፣ ሴቲንግስ ውስጥ ያለውን የአፕዴት ችግር መፍቻ ያስኪዱና እንደገና ይሞክሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ቢኖር ይመረጣል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው ያጥፉትና ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ሲያስረክቡም ፎቶዎቹ ሳይወጡ ፎርማት እንዳይደረግ አስቀድመው ይንገሩ።