ከፍ ባለ መኪና ላይ የጣሪያ ድንኳን፦ መሰላል፣ ሚዛንና ነፋስ

የቁም እንስሳት ገበያ ማልዶ ለደረሰ ነው። በሞያሌም ሆነ በባቢሌ፣ በኢሲዮሎም ሆነ በጋሪሳ፣ ነጋዴው ከብቱን አይቶ፣ ጥርሱን ፈትሾ፣ ዋጋ ተነጋግሮ ለመጫን ከገበያው ብዙ ሳይርቅ ማደር ይፈልጋል። የመኝታ ቤት በማይገኝበት ቦታ ደግሞ መሬት ላይ መተኛት ጊንጥ፣ እባብና የዝናብ ጎርፍ አለበት። ስለዚህ በመኪና ጣሪያ ላይ ተጣጥፎ የሚታሰርና ማታ የሚዘረጋ ድንኳን ለመንገደኛ ነጋዴ ጥሩ መፍትሔ ይመስላል።

ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ረጅም ሲሆን ነው። ለጠጠርና ለአሸዋ መንገድ ሲባል ባሌስትራው ወይም ሞላው ተቀይሮ ከፍ የተደረገ፣ ትልልቅ ጎማ የገባለት ላንድክሩዘር ከፋብሪካ እንደወጣው ዓይነት አይደለም። ድንኳኑ ያው ድንኳን ቢሆንም መሰላሉ ያጥራል፣ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይበልጥ ያዘነብላል፣ ነፋሱም ይበረታል። በሌሊት ተንሸራቶ እግሩን የሰበረ ነጋዴ ገበያው ብቻ አይደለም የሚያመልጠው፤ በረት ውስጥ የቆሙት እንስሳትም መኖና ውሃ እየጠየቁ፣ ክብደት እየቀነሱ ይቆዩታል።

ከሁሉ በፊት መለካት

ድንኳን ከመግዛት በፊት ሜትር ይያዛል። መኪናው ባዶውን ሳይሆን እንደ ጉዞው ቀን ነዳጁ ሞልቶ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ጎማው በትክክል ተነፍቶ ይለካል። ጭነት ያለበት መኪና ዝቅ ስለሚል ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የሚፈለገው ቁጥር ከመሬት እስከ ድንኳኑ ወለል ያለው ከፍታ ነው።

ለምሳሌ የመኪናው ጣሪያ 2 ሜትር ቢሆን፣ ከፍ በመደረጉ 10 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር፣ በጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ብረት ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር ቢወስድ የድንኳኑ ወለል 2.22 ሜትር ላይ ይሆናል። የታጠፈው ድንኳን ውፍረት 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የመኪናው ጠቅላላ ቁመት 2.52 ሜትር ይደርሳል። ይህ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ከመሪው ፊት ይለጠፍ። የነዳጅ ማደያ ጣሪያ፣ የኬላ መከለያና የግራር ቅርንጫፍ ሾፌሩ ቁመቱን እስኪያስታውስ አይጠብቁትም።

መሰላሉ

መሰላል በጣም ቀጥ ካለ ወጪው ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ በጣም ከተኛ ደግሞ እግሩ ይንሸራተታል። የሚሠራው ደንብ አራት ለአንድ ነው፤ በየአራት ሜትር ከፍታ የመሰላሉ እግር አንድ ሜትር ከግድግዳው ይርቃል። ለ2.2 ሜትር ከፍታ እግሩ 55 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይሆናል። የመሰላሉን ርዝመት ለማግኘት ከፍታውን በ1.03 ማባዛት ይበቃል። ስለዚህ ለ2.2 ሜትር ከፍታ 2.27 ሜትር፣ ለ2.5 ሜትር ከፍታ ደግሞ 2.58 ሜትር መሰላል ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ በማጠፊያ የሚከፈቱ ድንኳኖች ላይ መሰላሉ ለመውጫ ብቻ አይደለም። ከመኪናው ወደ ውጭ የወጣውን ግማሽ ወለል የሚሸከመው እሱ ነው። መሰላሉ አጥሮ መሬት ካልነካ የተኛው ሰው ክብደት በሙሉ በማጠፊያው ላይ ያርፋል፣ ወለሉም ይጎብጣል። ከሥሩ ድንጋይ ደርድሮ ማስተካከል የተለመደ ስህተት ነው፤ ድንጋዩ በሌሊት ይንከባለላል። ትክክለኛው መንገድ የመሰላል መቀጠያ መግዛት ወይም ረጅም መሰላል መቀየር ነው። በአሸዋ ላይ ከሆነ መሰላሉ እንዳይሰምጥ ሰፊ ጣውላ ከሥሩ ይነጠፋል።

ክብደቱ፦ ሁለት ቁጥሮች

የጣሪያ ድንኳን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጣሪያው የሚሸከመው ልክ ሲጠየቅ መልሱ ሁለት ነው፤ አንደኛው መኪናው ሲሄድ፣ ሁለተኛው ቆሞ ሳለ። ሲሄድ የሚፈቀደው አነስተኛ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጉድጓድ ክብደቱን እንደ መዶሻ በጣሪያው ላይ ይመታዋል። ቆሞ ሳለ ግን ድንኳኑን፣ አልጋውንና ሁለት ሰዎችን፣ ማለትም ከ200 ኪሎ በላይ ሊሸከም ይችላል።

በመንገድ ላይ ያለውን ልክ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የመኪናው ጣሪያ፣ የዕቃ መጫኛው ብረትና ብሎኖቹ። ከሦስቱ ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። የጣሪያው ልክ የመጫኛውን ብረት የራሱን ክብደትም ይጨምራል። ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን ብቻውን ከ20 ኪሎ በላይ ስለሆነ ቦታው ከታች፣ በመኪናው ወለል ላይ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ብሎኖቹ ስለሚላሉ በየማታው ይጠበቁ።

ሚዛኑ

ይህን ክፍል ነጋዴው ከጭነት መኪና ያውቀዋል። በስፖንዳው ውስጥ የቆሙ በሬዎች በመታጠፊያ ላይ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ቢገፉ አይሱዙው ያዘነብላል። የትንሹ መኪና ነገርም ያው ነው።

2,300 ኪሎ የሚመዝንና የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ላይ የሆነ መኪና ይታሰብ። ከፍ በመደረጉ ማዕከሉ ወደ 83 ሳንቲ ሜትር ቢወጣና በላዩ 100 ኪሎ ድንኳንና ብረት በ2.2 ሜትር ከፍታ ቢጫንበት፣ አዲሱ ማዕከል 89 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 1.5 ሜትር ከሆነ፣ ግማሹ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ግማሹን ስፋት ለማዕከሉ ከፍታ ስናካፍል ቀድሞ 1 የነበረው አሁን 0.85 አካባቢ ይሆናል። መኪናው ለመገልበጥ ያለው መቋቋም በ15 በመቶ ያህል ቀንሷል ማለት ነው። ድንኳን የጫነ ሾፌር በመታጠፊያና በጎን ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱን መቀነስ ያለበት ለዚህ ነው።

በጭነት መኪናው ላይስ?

ድንኳኑ በእንስሳት ጫኙ መኪና ላይ ቢሆን ጥበቃውም መኝታውም አንድ ቦታ ይሆን ነበር የሚል ሐሳብ ይነሣል። አይመከርም። እንደ አይሱዙ ኤፍኤስአር ባሉ መኪኖች ሞተሩ የሚታየው ጋቢናው ወደ ፊት ተገልብጦ ነው፤ በላዩ ድንኳን ከታሰረ በመንገድ ላይ ለሚደርስ ብልሽት ጋቢናውን መክፈት ያስቸግራል። ከስፖንዳው በላይ መተኛት ደግሞ ከሥር የሚወጣውን ሙቀት፣ አቧራና የሽንት ሽታ ሌሊቱን ሙሉ መተንፈስ ነው። እንስሳቱ በተንቀሳቀሱ ቁጥርም መኪናው ይናወጣል። ድንኳኑ በአጃቢው ትንሽ መኪና ላይ ይሁን።

ነፋስና የማቆሚያ ቦታ

ከማርሳቢት ወደ ቱርካና ሐይቅ ያለው ምድር የነፋስ አገር ነው። 365 ተርባይኖች ተተክለው 310 ሜጋዋት የሚያመነጩት ያለ ምክንያት አይደለም። በርበራና ጅቡቲም ሞቃት ነፋስ ይነፍስባቸዋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከመሬት ከፍ ባለ ቁጥርም ነፋሱ ይጠነክራል። ስለዚህ መኪናው ሲቆም የድንኳኑ ዝግ ጎን ወደ ነፋሱ ይዙር፤ በሩ ነፋሱን አይቀበል። ሸራው እየጮኸ መኪናው መወዛወዝ ከጀመረ ድንኳኑን አጥፎ መኪናው ውስጥ መተኛት ይሻላል።

ቦታው ደልዳላ ይሁን። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረግ። ደረቅ የወንዝ መውረጃ አሸዋው ለስላሳ ስለሆነ ይማርካል፤ ነገር ግን ዝናቡ ሩቅ ተራራ ላይ ቢዘንብም ጎርፉ በሌሊት ሊመጣ ይችላል።

ከእንስሳቱ አጠገብ ማደር

ግመል ገላውን ማከክ ሲፈልግ መሰላልና መኪና አይለይም። ከመንጋው ጥቂት ራቅ ብሎ ማቆም፣ ገመድም በመሰላሉም ሆነ በመኪናው ላይ አለማሰር ተገቢ ነው።

ከፍታ ከጊንጥ ያድናል፤ ከወባ ትንኝ ግን አያድንም። በዚህ ንግድ ላይ ትንኝ ሌላ ታሪክም አላት። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በከባድ ዝናብ ዘመን በትንኝ አማካይነት በእንስሳት መካከል ይዛመታል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። በ1997 እና 1998 በኬንያና በሶማሊያ የተነሣው ወረርሽኝ፣ እንደገናም በ2006 እና 2007 የመጣው፣ በዚህ መንገድ ላይ ያሉ ነጋዴዎች የማይረሱት ነው። የድንኳኑ መረብ ተቀዶ ከሆነ ከጉዞ በፊት ይሰፋ፤ በዝናብ ወራት ተጨማሪ አጎበር ይያዝ።

ሌሊት መውረድ

ትልቁ አደጋ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ከብቱ ይደነግጣል፣ ጠባቂው ይጮኻል፣ ነጋዴው ሌባ መጣ ብሎ በእንቅልፍ ልቡ ይነሣል። የሁለት ሜትር ተኩል ከፍታን ረስቶ የሚዘል ሰው ከሌባው ይልቅ ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ይለመድ፤ ባትሪ በግንባር ላይ፣ ፊት ወደ መሰላሉ፣ ሁለት እጅና አንድ እግር ሁልጊዜ እንደያዙ መውረድ። ገንዘቡ በወገብ ይታሰር እንጂ በእጅ አይያዝ። ጉልበቱ የሚያመው ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ከታች ይተኛ፤ ላይኛውን ለወጣቱ ረዳት ይተው።

መልመጃ

አንድ ነጋዴ የድንኳኑ ወለል 2.6 ሜትር ላይ ነው፤ መሰላሉ 2.3 ሜትር ነው። የጣሪያው የመንገድ ልክ 100 ኪሎ፣ ድንኳኑ 65 ኪሎ፣ የመጫኛው ብረት 28 ኪሎ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ ላይ ሊጭን አስቧል። ይቻላል?

መልሱ አይቻልም ነው። የሚያስፈልገው መሰላል 2.68 ሜትር ስለሆነ 38 ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል። ድንኳኑና ብረቱ 93 ኪሎ ስለሆኑ የቀረው 7 ኪሎ ብቻ ነው፤ አንድ ጀሪካን እንኳ አያስጭንም። መቀጠያ ገዝቶ ውሃውን ወደ ታች ካወረደ ግን መንገዱን ሊጀምር ይችላል።