አዲስ የተረከቡት ጓሮ፦ ነባሩን ቁጥቋጦ ሳይለዩ አይቁረጡ

በውርስ፣ በስጦታ ወይም በኪራይ ጓሮ የተረከበ አርሶ አደር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው ገጀራ ነው። ጫካ የመሰለውን መንጥሮ የራሱን ችግኝ ለመትከል ይቸኩላል። የእኛ ምክር ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት ይታገሱ የሚል ነው። ነባር ቁጥቋጦ ሥሩን ሰድዶ የተደላደለ ሀብት ነው፤ አዲስ ችግኝ እዚያ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል።

በዚህ ጊዜ ጓሮው ውስጥ ያለውን ተክል ይለዩ። የቡና ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። የጌሾም ቅጠል እንደ ቡና ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን እየተፈራረቀ ነው የሚወጣው፣ ጠርዙም ጥቃቅን ጥርስ አለው። ፍሬው ቀልቶ ቆይቶ ይጠቁራል። ያለ ርኅራኄ የሚነቀለው የወፍ ቆሎ ነው፦ ግንዱ ባለ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ሻካራ፣ ሲታሽ ሽታው የሚከረፋ፣ በአንድ እቅፍ ሁለት ዓይነት ቀለም የሚያብብ። ከብት ይመርዛል፤ ፍሬ ሳይዝ ከነሥሩ ያውጡት። ያላወቁትን ተክል ቅርንጫፉን ይዘው ለጎረቤት አዛውንት ወይም ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ያሳዩ።

የደረቀ የሚመስል ግንድ ሲገጥምዎ ልጡን በጥፍርዎ ይፋቁት። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ። ደረቅ ከሆነም ወደ ታች እየወረዱ ይሞክሩ፤ ላዩ ሞቶ ከታች የሚያቆጠቁጥ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ቡናው። አንድ ጊዜ ፍሬ የሰጠ የቅርንጫፍ አንጓ ዳግም ስለማያፈራ ምርቱ በየዓመቱ ወደ ጫፍ ይሸሻል። ያረጀ ቡና ከታች ተራቁቶ አናቱ ላይ ብቻ ጥቂት ፍሬ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ነቀላ ሳይሆን ጉንደላ ነው። ለቀማው እንዳለቀ፣ ዝናቡ ሳይገባ ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በስለታም መጋዝ ይቁረጡ። የተቆረጠው ፊት ውሃ ቋጥሮ እንዳይበሰብስ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ይሁን። ዝናብ ሲያገኝ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ ስንዝር ያህል ሲደርሱ በተለያየ አቅጣጫ የቆሙ 2 ወይም 3 ጠንካሮችን አስቀርተው የቀሩትን ያስወግዱ። ይህን የሚዘነጋ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ፍሬ አልባ ቁጥቋጦ ይተርፈዋል።

ጓሮውን በሙሉ በአንድ ዓመት አይጎንድሉ። በየዓመቱ ሲሶውን ቢጎነድሉ ቤትዎ ከቡና ገቢ አይራቆትም። በተከፈተው ቦታ ቦሎቄ መዝራት ይቻላል። ጥላ የሚሰጡትን ዋንዛና ብሳና ግን አይንኩ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። በአንድ ወገን ጠውልጎ የሚደርቅ ቡና ካለ ከግንዱ ላይ ልጡን ገልጠው ይመልከቱ። እንጨቱ ላይ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ መስመር ከታየ ቡናን የሚያደርቀው በሽታ ገብቶበታልና አይጎንድሉት፤ ከነሥሩ ነቅለው እዚያው ያቃጥሉት። በሽታው በቁስል ስለሚገባና በመሣሪያ ስለሚተላለፍ ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ሲያልፉ ስለቱን በእሳት ያግሉ፤ ሲኮተኩቱም ግንዱን አያቁስሉ።

ለጌሾ ይህን ያህል ድካም አያስፈልግም። የደረቀውንና የተጠላለፈውን ቅርንጫፍ ያንሱ፣ ሥሩ ዙሪያ ፍግ ወይም ብስባሽ ይጨምሩ፣ ቅጠሉን ሲሸመጥጡም ለተክሉ የሚበቃውን ያስቀሩ።

ጓሮውን በኪራይ የያዙ ከሆነ ከባለይዞታው ጋር ስለ ጉንደላው አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ። የተጎነደለ ቡና ደህና ምርት የሚሰጠው ከ2 እስከ 3 ዓመት ቆይቶ ስለሆነ የኪራይ ዘመኑ ከዚያ በፊት እንዳያልቅ ያረጋግጡ።